የጠበቃ ቀብድ

ፔዳ ግቢ አካባቢ ባለ ሽሮ ቤቷን የብርጓልን የማያውቅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካለ፣ ወይ ገና ትናንት የገባ ነው፣ ወይ ሽሮ የማይበላ። ምላሷ ስል ነው፤ እጇ ግን ለጋስ። «ይቺን ጎርሰህ ነው ፈተና የምትቀመጠው?» ብላ ሳትጠየቅ ትጨምራለች። አንድ ነገር ላይ ግን ግትር ናት፤ በግ ይሁን ቤት፣ ቀብድ ተሰጣጥቶ ወደ ኋላ የሚል ሰው በእሷ ዘንድ ሰው አይደለም።

ባሏ አለበል ጣና ላይ በጀልባ ሰው ያሻግራል። ባለፈው ዓመት እሷን ሳያማክር የእቁቧን ገንዘብ ወስዶ አዲስ ሞተር ገዛ። ያንገበገባት ሞተሩ አልነበረም። «ምን ታደርግበታለች ብዬ ነው» ማለቱ ነው። ጓዟን ሸክፋ እህቷ ዘንድ ገባች፤ በነጋታው ደግሞ ፍቺ ልትጠይቅ ፋሲሎ ሰፈር ወዳለው የርሆቦት ቢሮ ሄደች። ርሆቦት በተማሪነቷ ከየብርጓል እጅ ስትበላ የኖረች ጠበቃ ናት።

ርሆቦት ውሉን አንድ በአንድ አስረዳቻት። የጥብቅናው አበል በሦስት ጊዜ ይከፈላል፤ ሲፈራረሙ፣ ክሱ ሲሰማ፣ ፍርድ ሲሰጥ። የዳኝነቱ ክፍያ ለብቻው ነው፤ ለፍርድ ቤቱ ይገባል። ከቤቱ ድርሻ በመቶኛ የሚቆረጥ የለም። የብርጓል ራሷን እየነቀነቀች ሰማች፤ ከዚያ ሁሉ የገባት ግን አንድ ቃል ነበር፤ እሱንም ርሆቦት አላለችውም። የመጀመሪያውን ክፍያ ስታስረክብ «በይ ቀብድሽን ያዢ» አለች።

ዳኛው መጀመሪያ በሽማግሌ ተነጋገሩ ብለው ላኳቸው። አለበል ሽማግሌዎቹ ፊት ክርክር አላመጣም። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ትመለስልኝ» አለ ብቻ። የብርጓል ሰውዬውን ትወደዋለች፤ ሳያማክር የሚወስን ነው እንጂ መቼም ክፉ ባል አይደለም። ግን ቀብድ ሰጥታለች። ቀብድ ሰጥቶ ማፍረስ፣ ያውም በርሆቦት ላይ? «ላስብበት» ብላ ወጣች፤ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀምስ አላት።

መጨረሻ ላይ ርሆቦት ዘንድ ሄዳ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ቃሌን ላጥፍ ነው። ቀብዱን ሰጥቼሻለሁ፤ ቀሪውንም እከፍላለሁ። ብቻ አትቀየሚኝ፣ ወደ ቤቴ ልግባ።»

ርሆቦት ሳቋን ዋጥ አድርጋ «እትዬ የብርጓል፣ ይሄ እኮ የበግ ግዥ አይደለም» አለቻት። «ጉዳዩን በፈለጉ ጊዜ መተው ይችላሉ። የከፈሉኝ ለድካሜ ነው። ክሱን ጻፍሁ፣ አንዴ ችሎት ቆምሁ፤ የዚያን ልያዝ። የተረፈው የእርስዎ ነው፤ ሌላ የሚከፍሉት የለም። ውሉም የሚለው ይህንኑ ነው።»

«እኔ ደግሞ ትዳሬን የሸጥሁት መስሎኝ» አለች የብርጓል፣ እንባዋ እየቀደማት።

አለበልን ጀልባው መነሻ ላይ ሞተሩን ሲወለውል አገኘችው። የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ ልጅቱ የደከመችበትን ብቻ ቆርጣ ቀሪውን እንደመለሰችላትም ጭምር። ይስቅብኛል ብላ ነበር። እሱ ግን ጨርቁን አስቀምጦ ቀና ብሎ አያት።

«ጠበቃዋ የአንድ ቀን ድካሟን ታውቀዋለች» አለ። «እኔ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ስትደክሚ አንዱንም ቀን ቆጥሬልሽ አላውቅም።»

የብርጓል ጫማዋን አውልቃ ጀልባው ላይ ወጣችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምረህ ቁጠር» አለችው።