ሳቢሃ የሰደበችው ካሜራ

ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ያገለገለ ካሜራ ያለው ሁሉ ሳቢሃን ያውቃታል፤ የሚፈራትም እሱው ነው። ሻጭ ዋጋ የሚጠራው ትዝታውን ደምሮ ነው፤ እሷ መጀመሪያ ትዝታውን ትቀንሳለች። ቀጥሎ የስልኳን መብራት ሌንሱ ላይ አብርታ የጅማ ዝናብ ያበቀለውን ሻጋታ ትፈልጋለች። ያገኘችውን ጉድለት ሁሉ ቴሌግራም ቻናሏ ላይ ትለጥፍና ጨረታውን ትከፍታለች። ሕጓ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሰፈሯ መስጊድ ፀሐይ ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን እንዳለ ጨረታው ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ሚኒስትር ቢመጣም አትሰማም። ሁለተኛ፣ አጫራች አይጫረትም። ሁለቱንም ያወጣችው ራሷ ናት፤ ማንም አላስገደዳትም።

ታዲያ ባለፈው ሐሙስ ጋሽ አብደላ ፎቶ ቤታቸውን ጨርሰው ዘግተው ካሜራቸውን አመጡላት። ሳቢሃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰርግ ያነሳችው በዚሁ ካሜራ ነው፣ ከሳቸው ተውሳ። ስታየው ለራሷ ፈለገችው።

«አንቺው ተምነሽ ሽጪልኝ» አሏት።

«እሺ ጋሼ» አለች። ለኔ ይሽጡልኝ ብትል በነፃ እንኪ እንደሚሏት ታውቃለች። የሽማግሌ ዕቃ በነፃ መውሰድ ነውር ነው፤ በርካሽ መውሰድ ግን፣ በሷ ቤት፣ ንግድ ነው።

ከጅማ በስተምዕራብ ሸቤ ከተማ ላለችው ለአክስቷ ልጅ ለነጅላ ደወለች። «በኔ ስም እንዳይሆን፣ አንቺ ተጫረችልኝ። ሰው እንዳይበልጥሽ አዛን ሊል ሲል ብቻ ጻፊ።» ከዚያ ቻናሏን ከፍታ ካሜራውን ዘለፈችው፦ ሻጋታ የበላው፣ አዝራሩ የሚለግም፣ ጎኑ የተጨረመተ፣ ለመደርደሪያ ጌጥ እንኳ የማይሆን።

እንዲያም ሆኖ ደበበ የሚባል የኮሌጅ ተማሪ ሃያ ስድስት ሺህ ብር አለ። ሰማዩ ቀላ። ነጅላ ዝም። አዛኑ ተጀመረ። ነጅላ አሁንም ዝም። ደቂቃ አልፎ «ሃያ ሰባት ሺህ» የሚል መልእክት ዱብ አለ።

ሳቢሃ ነጅላ ጋ ደወለች። «አንቺ! የት ነበርሽ?»

«ማሎ፣ እባክሽ! እዚህ ሸቤ እኮ አዛን ገና አሁን መጀመሩ ነው፣ ወላሂ!»

የሸቤ ፀሐይ ከጅማ ትንሽ ዘግይታ እንደምትጠልቅ ሁለቱም ረስተውታል። የሰፈሩን አዛን ሰው ሁሉ ሰምቷል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ሳቢሃ በገዛ ጣቷ «አልቋል፤ የደበበ ነው» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ አለቀሰች።

በማግስቱ ደበበ ሊወስድ መጣ።

«ያን ሁሉ ነቀፋ አንብበህ እንዴት ገዛኸው?» አለችው።

«ሦስት ዕቃ ካንቺ ገዝቻለሁ። ጉድለት ትጽፊያለሽ እንጂ ተሳድበሽ አታውቂም። ይኼን ስትሰድቢ፣ ለራሷ ፈልጋው ነው አልኩ።»

ፊቷ ጋለ። ሻጋታው ከጫፍ የማያልፍ ነጥብ እንደሆነ፣ አዝራሩም ደህና እንደሆነ ነገረችው። ደበበ ካሜራውን አገላብጦ የተጨረመተውን ጎን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«ይኼስ? ማን ነው የጣለው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሳቢሃ። «ያኔ ሰርጉ ላይ። ጋሽ አብደላ አንድም ቀን አላነሱብኝም።»