ባዶ የማይመለስ ሳህን

ቶንሲሌ አብጦ ጤና ጣቢያ ስሄድ ሐኪሙ ቀይና ቢጫውን የአሞክሳሲሊን ካፕሱል አዘዘልኝ። «ቢሻልህም እንዳታቋርጥ፤ ጨርሰው» አለኝ። «እሺ» ብላ የመለሰችለት አብራኝ የገባችው እናቴ ናት። ገና ሻል ሲለኝ ግን የቀረውን ሰወረችብኝ። «የዳነ ሰው መድኃኒት ይውጣል እንዴ? ለክፉ ቀን ይቀመጥ!»

በዚያው ሰሞን በዕድሜ የገፉት ጎረቤታችን የረመዳን ሳምቡሳ ላኩልን። እኛ ሰፈር ኮልፌ ደግሞ የሰው ሳህን ባዶ መመለስ ነውር ነው። እናቴ ቤት ውስጥ የሚላክ ነገር ብታጣ፣ «ጉንፋን ይዟቸዋል» ብላ የኔን ካፕሱሎች ሳህኑ ላይ ደረደረቻቸው።

«ይሄ ለጉንፋን አይሠራም! ደግሞ የኔ ነው!» ብዬ በንዴት ጮህኩ።

«ስስታም!» ብላኝ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ቶንሲሌ ብሶበት ተመለሰ፤ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ጎረቤታችን ሰምተው ሊጠይቁኝ መጡ፤ ያንኑ ሳህን በጨርቅ ሸፍነው ይዘዋል። ሳምቡሳ መስሎኝ ከአልጋዬ ቀና አልኩ። ጨርቁ ሲገለጥ የራሴ ካፕሱሎች ናቸው።

«ሲሻለኝ ለክፉ ቀን ብዬ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፣ ልጄ» አሉኝ።

እናቴ በኩራት ወደኔ ዞረች። «አላልኩህም? ይኸው ክፉው ቀን መጣ!»