የንግሥቲቱ ሥዕሎችና የሚስተር ዋልተር መርዶ

ይህ የሆነው ደርግ በወደቀ በአምስተኛው ዓመት፣ በየካቲት ወር፣ እዚሁ ቶሮንቶ ነው። ወንድሜ ዳንኤል በሞተ ሰሞን ማለት ነው። ስለ ወንድሜ ለመጻፍ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ይህን ገጠመኝ ግን እችላለሁ። ሰው በየቤቱ እያጣመመ ስለሚያወራው፣ ከማንም ይልቅ እኔ ብጽፈው ይሻላል።

እናትና አባታችን ቀደም ብለው አልፈዋል። ሌላ ወንድም እህት የለንም። ዳንኤል በሱዳን በኩል ወጥቶ ካናዳ ገባ፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ አስመጣኝ። እሱ ኢቶቢኮ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳ ነበር፤ ቤቱ ፓርክዴል ነው። እኔ ሥራዬ በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኖርዝ ዮርክ፣ ስለሆነ እዚያው ከጓደኞቼ ጋር እኖር ነበር።

የዳንኤል ቤት ግድግዳ በአንዲት ንግሥት ሥዕሎች የተሞላ ነበር። ባለፈው መቶ ዓመት የነገሠች የእንግሊዝ ንግሥት ናት። በአሮጌ ወረቀት ላይ የታተሙ፣ ዳራቸው ቢጫ የሆነ፣ ጥቁር ፍሬም ያላቸው። ሕይወቷ በሙሉ እዚያ አለ። ሕፃን ሆና፣ ዘውድ ስትጭን፣ ስታገባ፣ በልጆቿ ተከባ፣ ባሏ ሞቶባት ጥቁር ለብሳ፣ አርጅታና ወፍራ በሠረገላ። እንግዳ የመጣ ሁሉ "ሃያ ዶላሩ ላይ ያለችው ናት?" ይላል። ዳንኤል "ከሷ ቅድመ አያቶች አንዷ ናት" ብሎ ይመልሳል።

እኔም አሾፍበት ነበር። የኛ ነገሥታት አንሰውህ ነው ወይ እለዋለሁ። "አደራ ናቸው" ይለኛል። የማን አደራ እንደሆኑ ግን ተነጋግረን አናውቅም። በዚያው ወደ ሌላ ወሬ እናልፋለን።

የሞተው ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ነው። መንገዱ በረዶ ነበር፤ መኪናው ተንሸራተተ። ለእኔ የተነገረኝ በስልክ ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ አለቃዬ ጠራኝ። ከሆስፒታል የደወለች አንዲት ሴት መጀመሪያ ስሜን ፊደል በፊደል አስነገረችኝ፤ ከዚያ ነገረችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሥራዋ ነው። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ምን እንደሚደረግ አላወቅኩም።

አላለቀስኩም። ቀብሩም ላይ አላለቀስኩም። ሰዎች "ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ወንድ ልጅ" አሉኝ። ጉብዝና አልነበረም። ምን እንደነበር እኔም አላውቅም።

የተቀበረው ቅዳሜ ነው። በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ በሰው ሞላ። በሩ ላይ የክረምት ጫማ ተቆልሎ በረዶው ኮሪደሩ ላይ ይቀልጣል። ጓደኛዬ ሄኖክ ቤቱ በወሩ መጨረሻ ስለሚለቀቅ ሥዕሎቹን ለአሮጌ ዕቃ ሻጭ እንስጣቸው አለ። አደራ ናቸው አልኩት። የማን ሲለኝ አላውቅም አልኩ።

"ባለቤቱ የማይታወቅ አደራ" አለ ሄኖክ።

"ባለቤቱ ይመጣል፤ አንተ ምን አስቸኮለህ?" አሉት እትዬ በለጡ። እትዬ በለጡ ዳንኤል ቶሮንቶ ከገባ ጀምሮ እንደ እናት ያዩት ሴት ናቸው።

ስልኩ የጮኸው ከምሳ በኋላ ነው። ያነሳሁት እኔ ነኝ። የሽማግሌ ፈረንጅ ድምፅ ነው። "ዳንኤል፣ ዛሬ ረሳኸኝ እንዴ?" አለኝ።

ወንድሙ ነኝ አልኩ። እንግሊዝኛዬ ያኔ ጎዶሎ ስለነበር ሰውየው ረጋ እያሉ አስረዱኝ። ስማቸው ዋልተር ነው። ዳንኤል መጀመሪያ ፓርክዴል ሲመጣ ክፍል የተከራየው እሳቸው ቤት ነው። ሥዕሎቹን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ነው የሰበሰቧቸው። በኋላ ዓይናቸው ጠፋ። ልጆቻቸው ቤቱን ሸጠው ናርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ አስገቧቸው፤ ከዚያ በኋላ የልጆቹ ድምፅ የሚሰማው አልፎ አልፎ ነው። ለሥዕሎቹ የሚሆን ግድግዳ እዚያ የለም። ዳንኤል እኔ አስቀምጥልዎታለሁ ብሎ ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ በዚህ ሰዓት ይደውልላቸዋል። አንዱ ሥዕል ፊት ይቆምና ያየውን ይነግራቸዋል። ሥዕሎቹ ሲያልቁ እንደገና ከሕፃንነቷ ይጀምራሉ።

ይህን ነግረውኝ ሲጨርሱ "ዳንኤል የት አለ?" አሉኝ።

ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ለቤቱ ሰው ነገርኩ።

"በቃ ንገራቸው" አለ ሄኖክ። "ሶሪ ብለህ ንገራቸው። እዚህ አገር እንደዚህ ነው።"

ጋሽ ታደሰ እጃቸውን አነሱ። ጋሽ ታደሰ የታክሲ ሾፌር ናቸው፤ በማኅበራችን መርዶ ሲኖር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። "በስልክ?" አሉ። "ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ፣ ብቻቸውን ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ በስልክ ይረዱ?"

"ፈረንጅ እኮ ናቸው፣ ጋሼ።"

"ቢሆኑስ? ልጃቸውን አጥተዋል። ነገ ማለዳ ሄደን እናረዳቸዋለን። ለዛሬ ትንሽ አሞታል በላቸው።"

እንደተባልኩት ዳንኤል ትንሽ አሞታል አልኩ። ሰውየው "እንግዲያው አንተ ንገረኝ" አሉ። "ዛሬ ተራው ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ነው።"

የስልኩን ገመድ ስቤ ሥዕሉ ፊት ቆምኩ። አንዲት ወጣት ልጅ ናት አልኩ። ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ተለቋል። ልብሷ... የሌሊት ልብስ ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ፊቷ... ቃሉ ጠፋኝ። ሄኖክ ቃሉን ከጎኔ ሹክ አለኝ። ተንበርክከዋል አልኩ። ሚስተር ዋልተር አልለቀቁኝም። እጇ የት ነው ያለው? ፊቷስ? ብርሃኑ በየት በኩል ነው የሚመጣው? ቃል ባጣሁ ቁጥር አንዱ ከኋላዬ ይሞላልኛል። የተቀመጠው ሰው አንድ ሁለት እያለ ተነስቶ ሥዕሉን ከበበ። ሻርፕ ነው የለበሰችው፣ ጋቢ ነው፣ አይደለም እያሉ ይከራከራሉ።

እትዬ በለጡ መነጽራቸውን አጠለቁና ሰውን ገፋ ገፋ አድርገው ቀረቡ። አይተው አይተው "ይሄማ መርዶ ነው" አሉ። "አታዩም እንዴ? ከእንቅልፏ ቀስቅሰው እያረዷት ነው።"

ሚስተር ዋልተርን ጠየቅኳቸው። ልክ ነው አሉኝ። ንጉሡ አጎቷ ሌሊት ሞተ። ሁለቱ መኳንንት በሠረገላ ገስግሰው ጎህ ሲቀድ ደረሱ፤ አስቀስቅሰዋት ነገሯት። ንግሥት መሆኗን ያወቀችው በዚያ ነው።

ይህን ወደ አማርኛ መልሼ ስነግራቸው ጋሽ ታደሰ ሥዕሉን ትኩር ብለው ተመለከቱ። "ያውቁበታል ለካ" አሉ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለ። በዚያ ቤት ያን ሰሞን የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ነው።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በጋሽ ታደሰ ታክሲ ሄድን። ጋሽ ታደሰ፣ እትዬ በለጡና እኔ። እትዬ በለጡ ከካፖርታቸው በላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። በሩ ላይ ያለችው ሴት የጥየቃ ሰዓት አልደረሰም አለችን። ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አውልቀው የመጣንበትን ነገሯት። ሦስታችንንም አየችን። አልተከራከረችም፤ ራሷ እየመራች ወሰደችን።

ሚስተር ዋልተር ነቅተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ትንሽ ራዲዮ ከፍተዋል። የጫማችንን ድምፅ ሲሰሙ "ማነው?" አሉ። ስሜን ነገርኳቸው።

"ብቻህን አይደለህም" አሉኝ።

"አዎ። ትልልቅ ሰዎች አብረውኝ አሉ።"

"ነግቷል?"

"እየነጋ ነው" አልኩ።

እጃቸው ራዲዮውን ፈልጎ አገኘውና አጠፋው። "ዳንኤል ሞቷል" አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

ጋሽ ታደሰ መንገዱን ሙሉ ሲለማመዱት የመጡት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ነበራቸው። አላስፈለጋቸውም። ጎንበስ ብለው የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። እትዬ በለጡ ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ፤ በአገራችን ወግ ስሙን እየጠሩ። አንዲት ሠራተኛ ደንግጣ እየሮጠች መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ አየችና ተመለሰች። ሚስተር ዋልተር ዝም በሉ አላሉም። ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙ ነበር። እንባቸው ባረጀው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል።

ቆይተው ወደኔ ዞሩ። "ላንተስ ማን ነገረህ?" አሉኝ።

በስልክ ነው አልኳቸው።

"ማን አብሮህ ነበር?"

"ማንም።"

አልጋቸው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። "ና፣ ተቀመጥ" አሉ።

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጃቸው ትከሻዬን፣ ከዚያ ራሴን ፈልጎ አገኘ። "ወንድምህ ሞቷል፣ ልጄ" አሉኝ። እኔ ለማርዳት ሄጄ እኔው ተረዳሁ። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ ያልመጣው ልቅሶ ያን ጊዜ መጣ። ምን ብዬ እንዳለቀስኩ አላስታውስም። ጋሽ ታደሰ ቀስ ብለው በሩን ሲዘጉት ብቻ ነው የማስታውሰው።

ሥዕሎቹን ኖርዝ ዮርክ ወሰድኳቸው። ጓደኞቼ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ አሁን ግድግዳው የንግሥቲቱ ነው። ሚስተር ዋልተር ጋ እሑድ እሑድ የምደውለው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛዬም በሳቸው ተሻሽሏል። አንዳንዴ እንጣላለን። ዳንኤል የሠርጉን ሥዕል ሲነግራቸው ንግሥቲቱ ፈርታለች ይል ነበር አሉኝ። እኔ ደክሟታል ነው የምለው፤ ያን ሁሉ ልብስ ተሸክማ። ሳቁና "ሁለታችሁ አንድ ቤት ነው ያደጋችሁት?" አሉኝ።

ሄኖክ እስካሁን ያሾፍብኛል። በጠዋት ሄዳችሁ ሽማግሌውን ከማስለቀስ በስልክ ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር ይላል። እኔ በዚህ አልከራከረውም፤ ትክክል እንደሠራን አውቃለሁ። በሁለቱም መንገድ የሄድኩት እኔ ነኝ። በስልክ የሰማሁት ዜና ነው። መርዶዬ የሚስተር ዋልተር አልጋ ላይ ነው።

ሚስተር ዋልተር አርጅተዋል። አንድ ቀን የሳቸውም ወሬ ይመጣል፤ ምናልባት በስልክ ይሆናል። ያን ቀን ምን እንደማደርግ ግን አሁን አውቃለሁ። እትዬ በለጡ ቤት እሄዳለሁ፤ ስማቸውን እየጠራን እናለቅሳለን።