«ችግር የለባትም» የተባለችው ማኪና

ከጎንደር የወጣሁ ለት ዋዜማ ማታ እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ጋቢ ጠቀጠቀችብኝ። «የሰው አገር ብርድ ክፉ ነው» ትላለች። የምሄደው ኦማን መሆኑን ብነግራትም አልሰማችኝም። ለእሷ አገር ሁሉ ወይ ጎንደር ነው፣ ወይ ከጎንደር የባሰ ብርዳም ዳባት።

እዚያ ነርስ ነበርሁ፣ እዚህም ነርስ ነኝ። ልዩነቱ፣ እዚያ በሽተኛው «እግዜር ይስጥሽ» ይለኝ ነበር፤ እዚህ «ሲስተር፣ ያላ!» እያለ ያጣድፈኛል።

ነሐሴ ላይ የምሠራበት ክሊኒክ በረሃ መሃል ወዳለ ቅርንጫፉ አዛወረኝ። አውቶብስ አይሄድምና ማኪና ተከራይተሽ ድረሺ ተባልሁ። እናቴ ይህን በስልክ ስትሰማ «ሴት ብቻዋን በረሃ?» ብላ የአክስቴን ልጅ ዲያቆን ማሩን አዘዘችብኝ። ማሩ ቅኔ ቤት ያደገ፣ አሁን ሙስካት ውስጥ መጋዘን የሚሠራ፣ መሪ ጨብጦ የማያውቅ ጠባቂ ነው።

አከራዩን ጠየቅሁት።

«ኤሲው ይሠራል?»

«ማፊ ሙሽኪላ!» አለኝ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው።

«ይሄ እንደ ተረከዝ የተሰነጣጠቀው ጎማስ?»

«ማፊ ሙሽኪላ።»

«መንገድ ላይ ብትቆምብኝስ?»

«ያኔ ሙሽኪላው ያንቺ ነው።»

ጎማውን ካልቀየርህ ብዬ ሙጭጭ አልሁበት፤ እያጉረመረመ ቀየረው። እኔም ውሃ በካርቶን ጫንሁና ከማሩ ጋር ገና ሳይነጋ ተነሣን።

ሊማሊሞን የነዳሁ ሰው ነኝ። እዚያ ገደሉን እያያችሁ ስለምትነዱ ትጠነቀቃላችሁ። እዚህ ገደል የለ፣ ኩርባ የለ፣ መንገድ የሚዘጋ በሬ እንኳ የለ። ሰው የሚሞተው ተዝናንቶ ነው።

ፀሐይዋ ስትበረታ ለማሩ ውሃ ሰጠሁት። እጄን ገፋው።

«ፍልሰታ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም።»

«ምነው ማሩ? በዚህ ሙቀት?»

«አበው በረሃ ገብተው አይደለም የጾሙት?»

«አበው ማኪና አልተከራዩም!»

ቀትር ላይ የሞተሩ ሙቀት መርፌ ወደ ቀዩ ወጣ። ኤሲውን አጥፍቼ ማሞቂያውን ከፈትሁ፤ እንዲህ ሲሆን ሞተሩ ትንሽ ይተነፍሳል። ማሩ «ልትቀቅይኝ ነው እንዴ?» አለ። ብዙም አልሄድን፣ ማኪናዋ እንፋሎቷን ለቃ ቆመች። ስልኩ ኔትወርክ የለውም።

«ያውልሽ ጣና!» አለ ማሩ በድንገት፣ አሸዋው ላይ የሚንቀጠቀጠውን ብርሃን እያሳየኝ። በሩን ከፍቶ መራመድ ጀመረ። ሮጬ ቀሚሴ እየጠለፈኝ ያዝሁት። በረሃ ላይ ማኪናውን ትቶ የሄደ ሰው አይገኝም።

እሱ ግን ቀና ብሎ ለባዶው ሜዳ «ተንሥኡ ለጸሎት!» ብሎ አዜመ። ሳቄ መጣ። ግንባሩን ስነካው ሳቄ ደረቀ። ላቡ ቆሟል፤ ቆዳው ይፋጃል። ይህ ምን እንደሆነ ደኅና አድርጌ አውቃለሁ፤ ሰው ይገድላል።

የማኪናዋ ጥላ ሥር ጎትቼ አስተኛሁት። ነጠላዬን መቀመጫው ላይ ዘርግቼ በውሃ ነከርሁና አለበስሁት፣ ውሃ እያፈሰስሁበት በካርቶኑ ክዳን አራገብሁት። ዓይኑን ሲገልጥ ጠርሙሱን ከንፈሩ ላይ አደረግሁ።

«ጾሜን...»

«ጌታ ሲጠይቅህ ስንዱ ናት ያስገደፈችኝ በለው! ጠጣ!»

እያለቀሰ ጠጣ። እኔም እያለቀስሁ አጠጣሁት። ከካርቶኑ የቀረው ትንሽ ነበር፤ መንገዱ ደግሞ ጭር ያለ ነው። የአክስቴ ፊት በዓይኔ ላይ እየመጣ አስቸገረኝ። ምን ብዬ እነግራታለሁ?

በስተመጨረሻ የፖሊስ ማኪና መጣ። ፖሊሱ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣

«እዚህ መቆም ክልክል ነው» አለ።

«እኛ አይደለንም፣ ማኪናዋ ናት የቆመችው።»

«የማስጠንቀቂያ ምልክትሽስ የት አለ?»

ከጎማው ሥር የተጋደመውን ማሩን አሳየሁት። ያኔ ወርዶ ሮጠ። ተጋግዘን የእሱ ማኪና ውስጥ አስገባነውና ወደ ክሊኒኩ በረርን። እንዲህ ሆኖ አዲሱ ሥራዬ ላይ የራሴን በሽተኛ ይዤ ገባሁ።

አከራዩ ማኪናዋን አስጎትቶ ከወሰደ በኋላ ደወለ። ሰውየው ተርፎ እንደሆነ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር።

«መቀመጫውን ማነው ያረጠበው?» አለኝ።

በማግስቱ ማሩ አልጋው ላይ ቀና ሲል ለእናቴ ደወልሁላት። ስለ መንገዱ ምንም አልነገርኋትም። ስልኩን ማሩም እንዲሰማ ከፍ አደረግሁት።

«ዝናቡ ከቤት አላስወጣ አለን» አለች። «ጉሙ ደግሞ ጎረቤት አያሳይም። እናንተስ ዘንድ?»

«እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው፣ እማዬ።»

«ታድላችሁ!» አለች። «እኛ እኮ ልብስ የሚደርቅልን አጣን።»

ማሩ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።