የበቅሎዬ ቀኝ እግር

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርሁትም። ትንንሹን ኃጢአቴን ስዘረዝር ቆይቼ ይህችን በጉሮሮዬ እንደያዝሁ እነሳ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ አሁንም የምጽፈው በሩን ዘግቼ ነው። ፍርሃት ነው።

በጣሊያን ጊዜ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ የእንጨት ድልድይ ሲሠራ እኔ የጣሊያኑ መሐንዲስ ረዳት ነበርሁ። ድልድዩ መሀሉ ላይ ሁለት ምሰሶ ነበረው። የቀኙ ሥር ረግረግ ስለሆነብን ሸክሙን ሁሉ በግራው ላይ ጣልነው። ይህን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። «ግራው ከተነካ ማን እንደተናገረ አልጠይቅም» አለኝ እየሳቀ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አልነበረኝም።

አርበኛ የሆነው የሚስቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ ደሴ፣ እህል ሻጭ መስሎ ማንኩሳ ገበያ መጣ። ባንዳዎች አጠገባችን ቆመዋል። የበቅሎዬን አንገት ዳበስ ዳበስ አደረገና፣

«ይቺ በቅሎህ ጭነት ሲከብዳት የምትደገፈው በየትኛው እግሯ ነው?» አለኝ።

ገባኝ። ሰሙም ወርቁም ወዲያው ገባኝ። አንገቴ ላይ ገመድ የገባ መሰለኝ።

«በቀኟ ነው አያ። የምጭናት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«እግዜር ይስጥህ» ብሎኝ ሄደ።

አርበኞቹ የድልድዩን ቀኝ ምሰሶ ገዘገዙት። ወታደር የጫኑት የጣሊያን መኪናዎች ሲወጡበት ይፈርሳል ብለው ከማዶው ቁጥቋጦ ውስጥ ጠበቁ። አልፈረሰም። ወታደሩ ተሻግሮ ከበባቸው፤ አያ ደሴም ጓደኞቹም እዚያው ቀሩ። መሐንዲሱ የተገዘገዘውን ምሰሶ አየና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። እኔም፣ አዎን እኔ፣ ፈገግ አልሁለት!

ሚስቴ ከለቅሶው በኋላ «ወንድሜ መጨረሻ ላይ ምን አለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ስለ በቅሎዋ ጠየቀኝ» አልኋት። ውሸት ነው? ቃሉ ውሸት አይደለም። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ሰሙ ውስጥ ተደብቄ ኖርሁ።

ኋላ እኔም መሐንዲስ ሆንሁ፤ አሁን የአገሪቱ መሐንዲሶች ማኅበር አንጋፋ ብሎ አዲሶቹን አባላት እንዳስምል ጠርቶኛል። እውቀታቸውን ሰው ለመጉዳት እንዳያውሉት ላስምላቸው? እኔ? በየትኛው አፌ? አልሄድም ብል ለምን ይሉኛል፤ ብሄድ ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ ዓይኔን አይቶ የሚያውቅብኝ ይመስለኛል።

ልጆች ነበሩኝ፣ ስቅላት ፈርቼ ነበር እንዳልል አያ ደሴም ልጆች ነበሩት። እሱም ስቅላት ያውቅ ነበር። ስለዚህ ሰበብ አላቀርብም፤ ማሩኝ ለማለትም ገና አልደፈርሁም። ሚስቴ አሁን ከጎን ካለው ክፍል ውስጥ ናት። ከማኅበሩም ከነፍስ አባቴም በፊት ለእሷ እነግራታለሁ፦ ግራው ነበር፤ አውቅ ነበር፤ ቀኙ ነው አልሁት።