ብጉር ትንሽ ነገር ነው ላላችሁ፦ ስለ ዶክተር ጥሩወርቅ

የቆዳ ሐኪምና ተመራማሪ የነበሩት ዶክተር ጥሩወርቅ ለጥቂት ጊዜ ታመው አርፈዋል። ያልሰማችሁ ወዳጆቻቸው ካላችሁ መርዶውን ከእኔ ስሙ። በትውልድ ቀያቸው በኩልመስክ ቀብረናቸዋል። እኔ በላቦራቶሪያቸው ያስተማሩኝ ተማሪያቸው ነኝ። አልቅሼ አልወጣልኝም፤ እውነቱን ለመናገር ከኀዘኔ ቁጣዬ ይበልጣል።

በቀብሩ ላይ ስለ «ታላቋ ተመራማሪ» ረጅም ንግግር ያደረገው ሰው፣ በሕይወት ሳሉ ሥራቸውን ያዘጋባቸው ሰው ነው። ስሙን አልጠራም። እሱም ራሱን ያውቃል፣ እኛም እናውቀዋለን።

ዶክተር የሚሠሩት የብጉር ቅባት ነበር። የተለመዱት ቅባቶች ብዙ ጊዜ ቆዳውን ያቃጥላሉ፣ ይልጣሉ፤ ታማሚውም ሳይጨርሳቸው ይተዋቸዋል። እሳቸው መድኃኒቱን ከስብ በተሠሩ፣ በዓይን በማይታዩ የናኖ ቅንጣቶች ውስጥ ከትተው፣ ብጉሩ እስከሚነሣበት እስከ ጸጉሩ ሥር ለማድረስና እዚያ ቀስ እያለ እንዲለቀቅ ለማድረግ ይደክሙ ነበር። «የብጉር ቤቱ ከውስጥ ነው፤ እኛ ደጁን እያቃጠልን ነው» ይሉን ነበር። ድብልቁ አልረጋ ብሎ ሲለያይ እኛ እናኮርፋለን። እሳቸው ግን የጋዋናቸውን እጅጌ እየሰበሰቡ «አልወደደንም ማለት ነው፤ እስቲ ደግመን እንለምነው» ይሉና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

በእረፍት ጊዜ ላሊበላ እኅታቸው ቤት ተቀምጠው የመጣውን ሁሉ በነጻ ያክሙ ነበር። አንድ ጊዜ አብሬያቸው ሳለሁ፣ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷ ከዓይኗ በቀር ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች። ለብጉሯ ጋሸና ገበያ ላይ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ቅባት ተሸጦላት፣ መጀመሪያ ያጠራው መስሎ በኋላ ፊቷን አቃጥሎታል። የክፍል ጓደኞቿ ሲሳለቁባት ትምህርቷን ትታለች።

ዶክተር ነጠላውን በእጃቸው ቀስ አድርገው ገለጡት። «አይዞሽ የኔ እናት፤ እኔም በአንቺ ዕድሜ መስተዋት ጠላቴ ነበር» አሏት።

እናትየው መሬት ሊስሙ ዝቅ አሉ። «ዶክተር፣ አዲስ መድኃኒት እየሠሩ ነው አሉ። በቅዱስ ላሊበላ ይዤዎታለሁ፣ ለልጄ ይስጡልኝ።»

ዶክተር እናትየውን ደግፈው አነሷቸው። «አልሰጥዎትም እናቴ፤ ገና በሰው ላይ አልተፈተነም። ምንነቱ ያልታወቀ ነገር አይደል እንዲህ ያደረጋት?»

በሚታወቀው መድኃኒት በትዕግሥት አከሟት። በጉንጮቿ ላይ ጠባሳው ቢቀርም ልጅቷ ትምህርቷን ቀጠለች።

ዶክተር ይህንን ታሪክ ይዘው ነበር፣ ቅባቱ በሥርዓቱ በሰው ላይ ይፈተን ዘንድ ምርምር በሚፈቅዱት ኃላፊዎች ስብሰባ ላይ የለመኑት። ስብሰባውን የሚመራው ያ የቀብሩ ተናጋሪ ሣቀ። «አገር ስንት ችግር እያለባት ስለ ብጉር ነው የምናወራው?» አለ።

«ፊቷን ተከናንባ ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ አገር አይደለችም?» አሉት።

ምርምሩ ታገደ፤ ላቦራቶሪያችንም የተሰበረ ወንበር ማጠራቀሚያ ሆነ። ያ የገበያ ቅባት ግን እስካሁን በጠራራ ፀሐይ ይቸበቸባል። ያልተፈተነውን የሚሸጠውን የሚጠይቀው የለም፤ ፈትኜ ልስጥ ያሉት ግን ተከለከሉ! ይህን ያደረጋችሁ ሰዎች፣ ለእሳቸው ያመጣችሁት የአበባ ጉንጉን ማንን ያታልላል?

ዶክተር ጥሩወርቅ፣ ስናደድ ባዩኝ ቁጥር «ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ» ይሉኝ ነበር። ሥራውን እሠራዋለሁ፤ ካቆሙበት እቀጥላለሁ። ዝም ግን አልልም። ይህችን አንዲት አለመታዘዝ ይቅር ይበሉኝና በሰላም ይረፉ፣ መምህሬ።