የአጎቴ ድንጋዮች

በጣሊያን ጊዜ ደሴ ቁጭ ብዬ ጋዜጣ ሳነብ፣ መንግሥት የአየር ጉዞን ሊያስፋፋና የኮምቦልቻን የአውሮፕላን ማረፊያ ሊያሰፋ እንዳቀደ አየሁ። ዕቅዱ ያማረ ነበር። ከማረፊያው ጎን ያለው የማሽላ ማሳ የአጎቴ መሆኑ ብቻ አልተጻፈም።

ኮምቦልቻ ወርጄ ለአጎቴ ነገርኳቸው።

“የሚፈልጉት ለጥ ያለ መሬት ነው” አልኳቸው።

ማሳውን ለጥ ያደረጉት ራሳቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲለቅሙ ኖረዋል። ትንሽ አሰቡና “እንግዲያው ድንጋዩን እንመልስበታለን!” አሉ።

ደቦ ጠሩ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት መጥቶ፣ ለለቀማ የሚዘፈነውን እየዘፈነ ከዳር የተከመረውን ድንጋይ መሃል ማሳው ላይ በተነው።

“ወላሂ፣ መሬት ለማበላሸት ደቦ ስወጣ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው!” አለ አንዱ።

“ተሸከም ባክህ! አንተ ስታርስም ያው ማበላሸት ነው” አሉት አጎቴ።

ሰው ያለውን ሁሉ መቃወም የምወደው እኔም ያን ቀን ተስማምቼ ተሸከምኩ።

በሳምንቱ ጣሊያናዊው መሐንዲስ ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። ድንጋዩን በጫማው ነካ ነካ አድርጎ ፈገግ አለ።

“ለማረፊያው የሚነጠፍ ድንጋይ ከሩቅ ሊያስጭኑ ነበር። ጌታው እናመሰግናለን ይላሉ” አለ አስተርጓሚው።

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብከው፣ አሁን ምን ይባላል?”

መልሴን ሳይጠብቁ ዝቅ ብለው እግራቸው ሥር ያለውን ድንጋይ አነሡና እንደ ልማዳቸው ወደ ዳር ሊወስዱት ሲሉ፣ አስተርጓሚው ጠራቸው።

“አባቴ፣ ይመልሱት። የመንግሥት ነው።”

መለሱት።